አብሪና አጥፊ

ላሊበላ
ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ጠፍተሽ ከርመሽ «የጥናት ባለሙያ» ሆነሽ ብቅ ስትዪ ልቆጣ ወይስ ልኩራ ብዬ ትንሽ ተቸገርኩ። በመጨረሻ ኮራሁ፤ ቁጣውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ የትናየት ሰላምታሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ፊደል ያስቆጠረችሽ እሷ ናትና የእጅ ጽሕፈትሽ እንደተበላሸ ስነግራት አዘነች። ስለ ጤንነቷ ለጠየቅሽው፣ ደህና ናት።

ጥያቄዎችሽን በቁጥር ስለላክሽልኝ እኔም በተራ እመልሳለሁ። ፕላዝማው ከገባ ወዲህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ሥራዬ አብሪና አጥፊ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፊ ቴሌቪዥን አበራለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው ከሩቅ አገር ሆኖ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል። «ገባችሁ?» ይልና መልስ ሳይጠብቅ «ጎበዞች» ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ አጠፋለሁ። ልጆቹ «አብሪው መጣ» እየተባባሉ ይሳለቁብኛል። እኔ ግን ሳስበው ይህም ስም በዝቶልኛል። የሚያስተምረው የመስኮቱ ሰውዬ ነው፤ የሚያበራው መብራቱ ነው፤ ለእኔ የቀረችኝ ማጥፋቷ ብቻ ናት። እንግዲህ እኔ አጥፊ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ይህን ቢሰሙ «ቅኔ ቤት የበላኸው ቁራሽ በከንቱ አልቀረም» ይሉኝ ነበር።

ሥርጭቱን ሁልጊዜ እከተል እንደሆነ ላቀረብሽው ጥያቄ መልሴ አልከተልም ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በዐሥረኛ «ለ» ክፍል ድምፁን አጠፋና ሥዕሉን እተወዋለሁ። ይህ ክልክል ነው። ስለዚህ ስሜን እንዳታነሺ። ለመሆኑ ይህን ጥናት ማን ያነበዋል? አንብቦስ ምን ያደርገዋል? እዚህ ከተማ የምቆይበት ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ሰላም ሁኚልኝ። ጽሕፈትሽን አስተካክዪ።

ወልደ ሩፋኤል


አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ ለወልደ ሩፋኤል፣

እርስዎም እትዬ የትናየትም እንደምን ሰነበታችሁ? ጽሕፈቴ እንዲስተካከል ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ለመዘግየቴ ሌላ ምክንያት የለኝምና በዚህ ይቅር ይበሉኝ።

«ይህን ጥናት ማን ያነበዋል? አንብቦስ ምን ያደርገዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም አለቃዬን ጠይቄ የሰማሁትን ልንገርዎት። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከዐሥር ዓመት በኋላ በምን መሣሪያ ያስተምሩ የሚለውን ለሚወስኑ ሰዎች ነው የሚቀርበው። ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው «ፕላዝማ በየክፍሉ» ይላል። ሁለተኛው «ኮምፒዩተር ለየተማሪው» ይላል። የሦስተኛው ርዕስ «ሌላ ነገ» ነው፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ስድስት ወር ሙሉ ባዶውን ስናየው ከረምን። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞላ መሰለኝ።

እባክዎ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን በዝርዝር ይጻፉልኝ። ምን ዓይነት መሣሪያ ቢመጣ እንደሚወዱም ይንገሩኝ። ስምዎ አይወጣም፤ ለዚህ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ልጅዎ ማኅሌት


ላሊበላ
ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰሽ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ከርሞ ገና ዛሬ መተንፈሱ ነው። ይህን ደብዳቤ የያዙልሽ ለገና የመጡ የሰፈርሽ ሰዎች ናቸው፤ ሻይ አፍዪላቸው።

ዝርዝሩ ቀላል ነው። አባቴ ዜማ ሲያስተምሩ ለሁሉም አይጮኹም ነበር። ለአንዱ ያስቀጽላሉ፤ እሳቸው ይላሉ፣ እሱ ተከትሎ ይላል። ያ ልጅ ደግሞ ዞሮ ለታናሹ ያስቀጽላል። እኔም የወሰድኩት ይህንኑ ነው። ድምፁ ሲጠፋ አንድ ነገር ለፊተኛው ወንበር በአማርኛ አስረዳለሁ። ፊተኛው ወንበር ዞሮ በራሱ ቃል ለሁለተኛው ያስረዳል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ እንዲህ እያለ ኋላ ይደርሳል። የመጨረሻው ወንበር ተነሥቶ ለእኔ ይመልስልኛል። ነገሩ ተጣሞ ከመጣ የተጣመመበትን ወንበር ሁላችንም እንፈልጋለን። ስናገኘውም ማንም አይሰደብም፤ ከዚያ ወንበር እንደገና እንጀምራለን። ሕጉ ይህ ነው።

ባለፈው ስለ ብርሃን መታጠፍ ስንማር ማርያማዊት የምትባል ልጅ፣ ከገነተ ማርያም በየሳምንቱ እየተመላለሰች የምትማር፣ የአያቷን መቋሚያ ይዛ መጣችና ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተተችው። እንደምታውቂው ዱላ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ ይመስላል። «መቋሚያው አልተሰበረም፤ ውሃው ነው የሚዋሽ» አለች። የኋላው ወንበር ድረስ ምንም ሳይጣመም ደረሰ። ያን ሰዓት የመስኮቱ ሰውዬ ከኋላዬ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር፤ አሳዘነኝ።

ወደፊት ምን ይምጣ? የሚጠብቅ ነገር ይምጣ። ቆይ ሲሉት የሚቆም፣ ድገመው ሲሉት የሚደግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሰማ። የእኔ ልጆች የማርያማዊትን መቋሚያ በካሜራ ቀርጸው ከተራራው ማዶ ላሉት ለፍላቂት ልጆች ይላኩ፤ የፍላቂት ልጆችም የገባቸውን ቀርጸው ይመልሱላቸው። ተራራ ለተራራ ይቀጻጸሉ። ከሰማይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ትምህርት በረዶ ነው፤ የሚያገኘውን ይመታል እንጂ አያበቅልም። ይህን በሦስተኛው ዓምድሽ ውስጥ ጻፊው።

ስለ የትናየት ደግመሽ ጠይቀሻል። ደህና ናት አልኩሽ እኮ።

ወልደ ሩፋኤል


አዲስ አበባ
መጋቢት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ፣

ጾሙን እንዴት ይዟችኋል? ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ ስላጣሁ ሰግቻለሁ። ምናልባት መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል ብዬ ደስታዬን እንደገና ልጻፍልዎት።

የጥናቱ ጥራዝ ታተመ! ሦስተኛው ዓምድ ሞላ። «የሚጠብቅ መሣሪያ» የሚለው ርዕስ የእርስዎ ነው። የወንበሮቹ ትምህርት ሦስት ገጽ ሙሉ ወስዷል። አለቃዬ ምዕራፉ በእርስዎ ቃል ይከፈት ብለው «እኔ አጥፊ ነኝ» የሚለውን በትልልቅ ፊደል አስቀመጥነው። ከሥሩ «የአንድ የላስታ የፊዚክስ መምህር ቃል» ብለናል። ስም የለም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ስብሰባው ላይ ሲነበብ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን እንደገና ይነበብ ተባለ። እኔ ያን ቀን መቼም አልረሳውም።

ጥራዙ ለየክልሉና ለየወረዳው ተልኳል። ምናልባት እጅዎ ገብቶ ይሆናል። ገብቶ ከሆነ አንድ መስመር እንኳ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ማኅሌት


ላሊበላ
ሚያዝያ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ፣ አደረሰን። እናትሽ እንደምን ናቸው? ወንድምሽስ ሥራ አገኘ? አዲስ አበባ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው? እዚህ በልጉ ደህና ነው ይላሉ ገበሬዎቹ። ደብዳቤዎችሽ ሁሉም ደርሰውኛል። መልስ ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

«ችግር አለ ወይ?» ላልሽው ምንም የለም።

አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። በጥራዙ ውስጥ «እኔ አጥፊ ነኝ» ከሚለው በፊት የነበረው ዐረፍተ ነገር አለ? የመስኮቱ ሰውዬና መብራቱ ያሉበት ማለቴ ነው። እኔ ባየሁት ቅጂ ላይ አላገኘሁትም። ምናልባት የእኔ ቅጂ ጎድሎ እንደሆነ ብዬ ነው።

ወልደ ሩፋኤል


ላሊበላ
ሚያዝያ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ማኅሌቴ፣

መስመሩ ቢንሻፈፍ አይግረምሽ። «ሀ»ን በጣትሽ አሸዋ ላይ ያስጻፍኩሽ እኔ ራሴ አሁን የምጽፈውን አላየውም። ግራ ዓይኔ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቀኙም ጥላ ብቻ ነው የሚለይ። ሁለት ዓመት አለፈው። እሱ «ደህና ናት» እያለ እንደሚጽፍልሽ አውቃለሁ። ይህን የምጽፍልሽም ትምህርት ቤት በሄደበት ነው፤ ፖስታ ቤት የማደርሰውም እኔው ነኝ። አታዝኚ፤ እዚህ አገር ዓይን አላስፈለገኝም። ከቤቴ ተነሥቼ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ድንጋዩን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ እግሬ ያውቀዋል። ሃምሳ ዓመት የረገጥኩት ነው። ሰው ሳልይዝ ሄጄ ሰው ሳልይዝ እመለሳለሁ፤ የቀረችኝ ኩራት እሷ ናት።

አሁን ይህችን ሊወስዱብኝ ነው። ያ ጥራዝሽ ወረዳ ደርሶ በግምገማ ላይ ተነበበ። ስም የለበትም አሉ። ልጄ፣ በዚህ አገር የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ተማሪ የሚያስቀጽል ስንት ሰው አለ? ርዕሰ መምህሩ አቶ ጋሻዬ ቆመው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲፈሩ ነው ክፉ የሚሆኑት። «ድምፁን እንደሚያጠፋ ጥናቱ መስክሯል፤ ራሱም አጥፊ ነኝ ብሏል። ከዚህ በላይ እኛ ምን እንጨምራለን?» አሉ። አጥፊ ያለው ቴሌቪዥን ማጥፋቱን መሆኑን ማንም አላሰበው፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንዳመነ አድርገው ቆጠሩት።

«ቃሉ ያንተ ነው ወይስ አይደለም?» አሉት። «ነው» ቢል ቤታችን ይፈርሳል፤ «አይደለም» ቢል አንቺን ውሸታም ሊያሰኝ ነው። «ቃሉ ኅብረ ቃል ነው፤ ሁለት ፍች አለው» ብቻ አላቸው። «ሁለተኛው ፍችስ በማን ላይ ነው?» ብለው እሱንም እንደ ሌላ ጥፋት መዘገቡበት። ከሐምሌ ጀምሮ ሁለት ቀን በአውቶብስ የሚያስኬድ ቆላ ሊያዛውሩት ወስነዋል። የመጨረሻው ስብሰባ በሰኔ ነው።

እሱ አይነግርሽም፤ እኔ መጻፌን እንድትነግሪውም አልፈልግም። እኔ ግን በማላውቀው አገር ግድግዳ እየዳበስኩ መሞት አልፈልግም። በግልጽ መናገር ይሻላል ብዬ ነው።

የትናየት


አዲስ አበባ
ግንቦት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፤ አለበለዚያ ድፍረቱ ይጠፋኛል። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ።

ጠይቀውኝ የነበረውን ልመልስ። የእርስዎ ቅጂ አልጎደለም። ዐረፍተ ነገሩ በየትኛውም ቅጂ ላይ የለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ ጽሑፉ ከገጹ በሁለት መስመር ተርፎብኝ ነው። የመስኮቱን ሰውዬና መብራቱን አወጣሁና «እኔ አጥፊ ነኝ» የሚለውን ብቻውን ተውኩት። ለብቻው ሲቆም የበለጠ ያምር ነበር። የተጣመመበት ወንበር እኔ ነኝ፣ መምህሬ። እርስዎ ያን ወንበር ፈልገው አግኝተውታል፤ እኔን ላለማሳፈር ግን ጎደለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ያችን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለወረዳው በስሜ ጽፌያለሁ። በጥራዙ ውስጥ የተጠቀሰው መምህር በአካል የሌለ ሰው ነው፤ ከብዙ መምህራን ወሬ አቀናጅቼ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ድምፅ ያጠፋ ማንም የለም፤ «አጥፊ» የሚለውም የእኔ ብዕር ስህተት ነው ብያለሁ። ግልባጩን ለአለቃዬ ሰጠሁ። እሳቸውም «በፈጠራ ቃል ላይ የቆመ ዓምድ ሊቆም አይችልም» አሉ። ትክክል ናቸው። ሦስተኛው ዓምድ ከሁለተኛው እትም ወጥቷል። ሰንጠረዡ አሁን ሁለት ነገ ብቻ ነው ያለው። እኔም ከጥናት ክፍሉ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። ደመወዜ አልተነካም፤ አያስቡ።

«እኔ አጥፊ ነኝ» ያሉበትን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አምጪ ሲሉኝ የለም፣ ቀድጄ ጥዬዋለሁ አልኩ። ውሸቴን ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ነገር ግን አንድ ቀን ቢገኝ የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ያለበት፣ ድምፁን አጠፋለሁ የሚል ወረቀት ነው። ላቃጥለው? የሚሉኝን አደርጋለሁ።

በስብሰባው ላይ ሲጠይቁዎት እባክዎ «ቃሉ የእኔ አይደለም» ይበሉ። ስለ እኔ ብለው ሳይሆን ስለ እትዬ የትናየት ብለው።

ይቅር ባይሉኝም አይገርመኝም።

ማኅሌት


ላሊበላ
ሰኔ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

ማን እንደነገረሽ አልጠየቅኩም። ፖስታ ቤት ያለው ልጅ ግን «ባለቤትዎ ብቻቸውን መጥተው ደብዳቤ ላኩ» ብሎ እያደነቀ ነግሮኛል። እቤት ገብቼ ስቆጣት «ቁጣህን ለሌላ ጊዜ አስቀምጠው» አለችኝ። የራሴን ቃል መለሰችልኝ።

ስብሰባው ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ተደረገ። አቶ ጋሻዬ ደብዳቤሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ፤ «ቃሉ ያንተ ነው ወይስ አይደለም?» ማኅሌት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ «የሰው ቃል አትናገር፣ የራስህን ተናገር» ስል ኖሬያለሁ። አፌ «ነው» ሊል ተከፍቶ ነበር። የየትናየት እግር ትዝ አለኝ፤ ያ ቁልቁለት ላይ ድንጋዩን እየፈለገ የሚያርፈው። «አይደለም» አልኩ። «ጮክ ብለህ ተናገር፣ ይመዝገብ» አሉኝ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ዝውውሩ ተሰረዘ። እጄን ጨበጡኝ። አቶ ጋሻዬ እንባ እስኪመጣቸው ድረስ ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ለካ እንቅልፍ አጥተው ከርመዋል።

እቤት ገብቼ ስነግራት የትናየት እጄን ይዛ ሳመችው። አመሰገነችሽ። እኔም አመሰግንሻለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ግን ሳላሳምር ልጻፈው፤ ተናድጃለሁ። በአንቺ አይደለም፤ ወይም በአንቺም ጭምር። ቤቴን አተረፍሽ፣ ትምህርቴን ግን አጠፋሽው። አሁን በወረቀት ላይ ያ ክፍል አልነበረም፤ ማርያማዊትም መቋሚያዋን ውሃ ውስጥ አልከተተችም። እኔም «አይደለም» ብዬ ፈረምኩበት። እንኳን ደስ አለሽ፤ አጥፊዎች ሁለት ሆነናል።

ፕላዝማው የብረት ፍርግርግ ተሠርቶለታል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። እሳቸው ያበራሉ፣ እሳቸው ያጠፋሉ። ድምፁ እስከ ጣሪያው ነው። እኔ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ሌላ ጥፋት ይሆናል። ማክሰኞ ዕለት ከወረዳ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ የዐሥረኛ «ለ»ን ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ሲያይ፣ ሥርጭቱ በተጀመረ በሰባተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። የመስኮቱ ሰውዬ ቃል አፉ ውስጥ እንዳለ ጠፋ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ምንም አላልኩም፤ በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ፣ በዓይኔ እንኳ አልጠቀስኩም። ማርያማዊት ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ቀስ ብላ ዞረችና ለሁለተኛው ወንበር ማስረዳት ጀመረች። ሁለተኛው ዞረ። ሦስተኛው ዞረ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ተቆጣጣሪው ቆጣ ብሎ «ማነው አጥፊው?» አለ። ክፍሉ በአንድ አፍ «መብራቱ ነው ጋሼ» አለው።

የመጨረሻው ወንበር አረጋ የሚባል ልጅ ነው። ነገሩ እሱ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊመልስልኝ ተነሥቶ ወደ እኔ አየ። ጥግ ላይ መሆኔን ሲያስታውስ ግራ ተጋባ። ከዚያ ዞሮ አጠገቡ ለተቀመጠው ተቆጣጣሪ አስረዳው። ምንም አልተጣመመም። ሰውዬው መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ብዕሩን ይዞ ሳይጽፍ መቆየቱን ግን አይቻለሁ። ከዚህ ምን እንደሚመጣ እፈራለሁ። ልጆቹን ይጠይቁ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ እንደ እኔ «አይደለም» ማለት አልተማሩም።

ስለ ሰንጠረዥሽ ደግሜ አልጠይቅም። ሁለት ነገ ብቻ ካለን በሁለቱ እንኖራለን። ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሰው ከሌላ ቢሮ ተነሥቶ «ሌላ ነገር ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ካለሁ እመልሳለሁ። ከሌለሁ የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ መዝገብ ቤት መግባትሽም ለዚያ ይበጅ ይሆናል።

የትናየት ሰላም ብላሻለች። ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱን ብቻዋን ወርዳ ተመልሳለች።

ላቃጥለው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ያን ሁሉ በአፌ ካድኩ፤ ቃሉን በእጄ የጻፍኩባት እሷ ብቻ ቀርታኛለች። አደራሽን ልጄ፣ ያችን የመጀመሪያዋን ደብዳቤ አታጥፊያት።

መምህርሽ
ወልደ ሩፋኤል